የሰንበቱን ዳቦ ማን ያቡካው?

በቤት ስለሚጋገር ዳቦና በሰንበት ቀን ልጆችን ይዞ ስለ መውጣት አንድ ጽሑፍ ላቀርብ ባሰብሁ ጊዜ፣ ጉዳዩን እንደ ቀላል ነገር የሚመለከቱት አንባብያን እንደሚኖሩ አልጠፋኝም። ተማሪው የሚያሳስበው ፈተናው ነው፤ ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛም የሚያሳስበው ደመወዙና የቤት ኪራዩ ነው። ዳቦማ የእናቶች ጉዳይ ነው፤ ሽርሽርም የትርፍ ጊዜ ነገር ነው ይባላል። እኔም ብዕሬን ያነሣሁት «ዳቦማ የእናቶች ጉዳይ ነው» በሚለው በዚሁ አነጋገር ላይ ክርክር ስላለኝ ነው።

ክርክሬን ከመጀመሬ በፊት ግን አንባቢዬ አገሩን እንዲያውቅልኝ እወዳለሁ። ተወልጄ ያደግሁት በመቱ ነው። መቱ የኢሉባቦር ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በጅማ በኩል የመጣውም ሆነ በነቀምቴ በኩል የመጣው መንገደኛ በደሌ ላይ ይገናኝና በያዩ በኩል አልፎ መቱ ይገባል። አገሩ የቡና፣ የማርና የዝናብ አገር ነው። ክረምቱ ቀድሞ ይገባል፤ ዘግይቶም ይወጣል። ከከተማው ጥቂት ራቅ ያለ ሰው በትልልቅ ዛፎች ላይ የተሰቀሉትን የንብ ቀፎዎች፣ በደኑም ውስጥ ሰው ሳይተክለው የበቀለውን ቡና ያያል። በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የያዩን የቡና ደን ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መካከል የመዘገበውም ስለዚሁ ጫካ ቡና ነው።

እንዲህ ባለው ዝናባማ አገር ትኩስ ዳቦ ልዩ ነገር ነው። በእኛ ቤት ሥራው የሚጀመረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እናቴ ዱቄቱን በወንፊት ትነፋለች፤ ካለፈው ሳምንት ያስቀረችውን እርሾ ለብ ባለ ውሃ ትበጠብጣለች፤ ጨውና ጥቁር አዝሙድ ትጨምራለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማሸት ነው። ሊጥ በሚገባ ካልታሸ ዳቦው አይነፋም፤ ማሸት ደግሞ ክንድ ይጠይቃል። ሊጡ ተሸፍኖ ያድራል። እሑድ ገና ጎሕ ሳይቀድ እናቴ ተነሥታ እሳት ታነዳለች። በምጣዱ ላይ የእንሰት ቅጠል ይነጠፋል፤ ሊጡ ይገለበጥበታል፤ በላዩም ሌላ ቅጠል ይለብሳል፤ ከዚያ ተከድኖ በክዳኑ ላይ ፍም ይደረግበታል። ችግር በሁለት ወገን የመጣበት ሰው «እንደ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ነደደብኝ» ማለቱ ከዚህ የተነሣ ነው። እሳቱን በሁለቱም ወገን መጥኖ መጠበቅ ቀላል ዕውቀት አይደለም። ከታች ቢበዛ ያርራል፤ ከላይ ቢያንስ ሊጡ ጥሬ ይቀራል። ስለዚህ ጋጋሪዋ ከእሳቱ ዘወር ማለት አትችልም።

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። እሑድ ቀን ልጆቹን ይዞ መውጣት ይወዳል። የሥራ ባልደረቦቹ በየመጠጥ ቤቱ ሲሰበሰቡ እርሱ ከእኛ ጋር በመዋሉ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። አንዳንድ ጊዜ በአውቶቡስ ወደ ጎሬ ይወስደን ነበር። ጎሬ ከመቱ በፊት የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ እንደ ነበረች፣ በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣልያን ጦር አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫውን ወደ ጎሬ አዛውሮ እንደ ነበረ፣ ልዑል ራስ እምሩም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ወደዚያ መምጣታቸውን የሰማሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በዚያች ከተማ መንገድ ላይ ቆሜ ከአባቴ አፍ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የምንወደው ግን ወደ ሶር ፏፏቴ መሄድን ነበር። መንገዱ በደን ውስጥ ነው፤ ጉሬዛዎች ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላሉ፤ ፏፏቴው ገና ሳይታይ ድምፁ ይሰማል። ከደረስን በኋላ አባቴ ጨርቁን ይፈታና ዳቦውን ይቆርሳል። ትንሽ መርቆ ያድለናል። ዛሬ ስለ ልጅነቴ ሲነሣ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ያ ዳቦ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ወደ ቤት በተመለስሁበት ሰሞን ዘመዶችና ወዳጆች ደስታዬን ለመካፈል ተሰብስበው ነበር። ከእነዚህም መካከል ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ እንግዳ ስለ አገሩ ተፈጥሮ ሲጨዋወቱ የሶርን ፏፏቴ አነሡ። አባቴም እኔም ስለ መንገዱ፣ ስለ ደኑ፣ ስለ ውሃው ግርማ እየተቀባበልን ተናገርን። እንግዳው ቡና ወደምታፈላው ወደ እናቴ ዞር ብለው፣ «እርስዎስ እንዴት ያዩታል?» ብለው ጠየቋት። እናቴም ስኒውን እያቀረበች፣ «እኔ እንኳ አይቼው አላውቅም፤ ዳቦዬ ግን ብዙ ጊዜ ሄዷል» አለች። ይኸን ያለችው እየሳቀች ነው። እንግዶቹም ሳቁ። እኔ ግን ልስቅ አልቻልሁም።

ያን ሌሊት ቆጠርሁ። በልጅነቴ ወደ ሶር የሄድነው ከአሥር ጊዜ ያላነሰ ነው፤ ወደ ጎሬም የሄድነው ከዚያ የበለጠ ነው። በአንዱም ላይ እናቴ አልነበረችም። እኛ ስንወጣ እርሷ ከጭሱ ፊት የተነሣች ስለሆነች ደክሟታል፤ እኛ እስክንመለስ ደግሞ የሚታጠብ የተማሪ ልብስ፣ የሚሠራ ራት፣ የሚጠረግ ቤት አለ። እንዳትሄድ የከለከላት ሰው የለም። አባቴም ክፉ ሰው አይደለም፤ «ነይ እንሂድ» ሳይላት አልቀረም ይሆናል። ነገር ግን «ነይ» ያላት ሰው ሥራዋን ተቀብሎ አልያዘላትም። ሥራውን ሳይካፈሉ «ነይ እንሂድ» ማለት፣ እጁ የታሰረን ሰው «ብላ እንጂ» እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ ክርክሬ ይኸው ነው። በቤት የተጋገረ ዳቦ ጥሩ ነገር ነው፤ ከልጆች ጋር በሰንበት መውጣትም ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ዳቦውን ያቡካችው ሰው በሽርሽሩ የማትገኝ ከሆነ፣ የቤተ ሰብ ሽርሽር የሚለው ስም ለነገሩ አይገባውም። ስለዚህ ወይ ሊጡን አባትና ልጆች አብረው ያቡኩ፤ ወይም ዳቦው ከፉርኖ ቤት ይገዛና እናት ትሂድ። ሦስተኛው መንገድ፣ ማለት እናት ጋግራ መቅረቷ፣ ከእንግዲህ ይብቃ ባይ ነኝ።

ይኸን ስል የሚነሡብኝን ተቃውሞዎች አውቃለሁ። አንድ በአንድ ልመልስ።

የመጀመሪያው፣ «ወንድ ልጅ ሊጥ ሲያቡካ ነውር ነው» የሚለው ነው። ይኸ ነገር በእውነት ቢመረመር መሠረት የለውም። «ፉርኖ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በከተሞቻችን የፉርኖ ቤት ዳቦ የሚያቡኩትና የሚጋግሩት አብዛኛዎቹ ወንዶች ናቸው። ማንም ነውር ነው ብሎ ዳቦአቸውን ሲመልስ አይተን አናውቅም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም የቅዳሴው ኅብስት በቤተ ልሔም የሚዘጋጀው በወንዶች እጅ ነው። ከሊጥ ሁሉ የከበረውን ሊጥ ወንድ ካቡካው፣ የቤቱን ሊጥ ማቡካት እንዴት ያዋርደዋል? ለደመወዝ ሲሆን ክብር፣ ለእግዚአብሔር ሲሆን በረከት፣ ለሚስትና ለልጅ ሲሆን ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። እንግዲያስ ነውሩ ከሊጡ ላይ አይደለም፤ ያለ ዋጋና ያለ ምስጋና የሚሠራን ሥራ ከመናቃችን የመጣ ነው።

መናቃችን ደግሞ በኑሮአችን ብቻ አይደለም፤ በሒሳባችንም ይታያል። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የአንድን አገር ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት በሚቆጥሩበት ሥርዓት፣ ከፉርኖ ቤት የተገዛ ዳቦ ይቆጠራል፤ እናት በቤቷ ለቤተ ሰቧ ምግብ ያዘጋጀችበት ድካም ግን አይቆጠርም። ያው ዱቄት፣ ያው እሳት፣ ያው ዳቦ ነው። ልዩነቱ አንዱ መሸጡ ሌላው መበላቱ ብቻ ነው። ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ዘወትር ሪፖርት ሲያዘጋጅ የሚያየው ቁጥር የእናቱን ጧት የማይጨምር መሆኑን ቢያስታውስ መልካም ነው። በፈረንሳይ አገር ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ እንመልከት። በዚያ አገር በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ መሠረት አንድ ዳቦ ሻጭ ዳቦውን «የቤት ዳቦ» ብሎ ለመጥራት የሚችለው እዚያው በሚሸጥበት ቦታ አቡክቶ፣ ቅርጽ አውጥቶ የጋገረው ሲሆን ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩኔስኮ የፈረንሳዮችን የባጌት ዳቦ አሠራር በማይዳሰሱ የባህል ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ይኸ ሁሉ ክብር የተሰጠው ለጋጋሪው እጅና ዕውቀት ነው። የእኛም እናቶች ቅጠል አንጥፈው፣ እሳት ከላይና ከታች መጥነው የሚጋግሩት ድፎ ዳቦ ከዚያ የሚያንስ ጥበብ አይደለም። ሆኖም ጥበብን ማክበር ማለት ባለ ጥበቧን ከጭስ ቤት ውስጥ ትቶ ስለ እርሷ መዝፈን አይደለም።

ስለ ጭሱም አንድ ቃል ልናገር። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ከሚነሣ የማገዶና የመሳሰለው ጭስ የተነሣ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። በማገዶ የሚያበስሉ ቤተ ሰቦች ባሉበት አገር ሁሉ ከምድጃው አጠገብ ብዙ ሰዓት የሚቀመጡት ሴቶችና እነርሱን የተጠጉት ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ የዳቦን ሥራ መካፈል የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጤና ጉዳይም ነው። እንጨት መፍለጡን፣ እሳት ማንደዱን፣ ምጣድ ማውጣቱንና ማውረዱን አባትና ጎልማሳ ልጅ ቢይዙት፣ በእናት ሳንባ ላይ የሚወርደው ጭስ በዚያው ልክ ይቀንሳል። መስኮቱን መክፈት ወይም ምድጃውን ወደ ደጅ ማውጣትም የሚያስከፍለው ገንዘብ የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «አባት የቤቱ ራስ ነው፤ ራስ ወደ ማጀት አይወርድም» የሚለው ነው። ይኸን የሚሉ ሰዎች አንድ ዘመን በሕግም ይደገፉ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ ራስ አድርጎት ነበር። ይሁን እንጂ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይኸን ለውጦ ባልና ሚስት በቤተ ሰባቸው አመራር እኩል መብት እንዲኖራቸው ደንግጓል። ሕጉ ከተለወጠ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ትምህርት ቀመስን የምንል ወጣቶች የተወለድነውና ያደግነው ከሞላ ጎደል በአዲሱ ሕግ ዘመን ነው። ታዲያ ሕጉን በፈተና ወረቀት ላይ በትክክል ጽፈን በቤታችን ግን በተሻረው ሕግ የምንኖር ከሆነ ትምህርታችን ምን ረባን?

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ «ፉርኖ ቤት ሳለ በቤት መጋገር ለምን አስፈለገ?» የሚለው ነው። ይኸ ተቃውሞ ከሁሉም የተሻለ ስለሆነ በጥሞና ልመልስ። መግዛት ኀጢአት አይደለም። እንዲያውም በቤቱ የሚረዳ እጅ ከሌለ መግዛቱ ይሻላል። ከእናቴ ዳቦና ከእናቴ አንዱን ይዘህ ሶር ሂድ ብባል የምይዘው እናቴን ነው። ነገር ግን አብሮ መጋገር ከፉርኖ ቤት የማይገዛ አንድ ነገር አለው። ልጅ ከአባቱ ጋር ሊጥ ሲያሽ፣ መጠበቅን ይማራል፤ እርሾ በቁጣ አይቸኩልምና። መለካትን ይማራል፤ ጨው ከበዛ መመለሻ የለውምና። ከሁሉም ይልቅ በገበታ ላይ የሚቀርበው ነገር ሁሉ በአንድ ሰው ድካም የመጣ መሆኑን በገዛ ክንዱ ያውቃል። ይኸን ያወቀ ልጅ ወደ ፊት የቢሮ ኀላፊ ቢሆን፣ የተላላኪውንና የጽዳት ሠራተኛዋን ድካም አይንቅም።

አራተኛው ተቃውሞ ስለ ጊዜና ስለ ገንዘብ ነው። ወጣቱ ሠራተኛ፣ «ከወር እስከ ወር የማትደርስ ደመወዝ ይዤ ምን ሽርሽር አለኝ?» ይላል። የዱቄትም የትራንስፖርትም ዋጋ ምን ያህል እንደ ወጣ የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን እኔ የምናገረው ስለ ሆቴልና ስለ መኪና አይደለም። ኢሉባቦር የበቆሎ አገር ነው፤ ዱቄቱ የስንዴ መሆን ግዴታ የለበትም፤ በቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ የበቆሎ ዳቦም ልጅን ያስደስታል። ለመሄጃም ቢሆን ሁልጊዜ ሶር ድረስ መድረስ አያስፈልግም። የበደሌ ልጅ፣ የያዩ ልጅ፣ የጎሬ ልጅ በእግሩ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ የሚደርስበት ደን፣ ወይም ወንዝ፣ ወይም የዘመድ ቡና ማሳ አያጣም። ዝናብ በበዛበት ወር መንገዱ ያዳልጣልና ከጥቅምት በኋላ ያለውን ጊዜ መምረጥ፣ መንገዱም ደኅና መሆኑን አስቀድሞ ከአገሬው መጠየቅ ይገባል። ጊዜን በሚመለከት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። አንድ ሰው ከሁለቱ ቀን ግማሹን ለልጆቹ መስጠት ካቃተው፣ ያጣው ጊዜ አይደለም።

የመጨረሻው ተቃውሞ በእኔ በራሴ ላይ የሚነሣ ነው። «ያላገባና ያልወለደ ሰው ስለ ልጅ አስተዳደግ ምን ያውቃል?» የሚሉኝ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ትዳር የለኝም። ነገር ግን ልጅ ነበርሁ። የእናቱን ዳቦ እየበላ እናቱ የት እንዳለች ሳይጠይቅ ያደገ ልጅ ነበርሁ። ስለዚህ የምናገረው ለማስተማር ያህል ሳይሆን ዕዳዬን ለመናዘዝ ነው። ይኸን ጽሑፍ የሚያነቡት ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ብዙዎቹ እንደ እኔ ገና ቤት ያልመሠረቱ ናቸው። ልማድ ደግሞ የሚታረመው ከመመሥረቱ በፊት ነው። ከሠርጉ በኋላ ማን ያቡካ ብሎ መከራከር ከባድ ነው፤ ከአሁኑ እጅን ማስለመድ ግን ይቻላል።

ወሬ ብቻ እንዳይሆንብኝ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከወንድሜና ከሰባት ዓመት ልጁ ጋር ሆነን እናቴን ከማጀት አስወጣናት። ዱቄቱን ነፋን፤ እርሾውን በጠበጥን፤ በየተራም አሸን። እጄ እስከ ክርኑ በሊጥ ተለውሶ ሳለ ጎረቤታችን አኮ ገቡ። አኮ በእኛ አገር በኦሮምኛ ሴት አያት የሚጠሩበት ቃል ሲሆን እኒህን አዛውንት ሰፈሩ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራቸዋል። አይተውኝም፣ «ልጄ፣ ሴት ጠፍቶ ነው?» አሉኝ። እኔም፣ «የለም አኮ፣ ሴቷ ነገ ሶርን ልታይ ነው» አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያስ ውሃ አታብዛበት» ብለው ተቀምጠው ያዙን ጀመር። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሊጡን አየሁ። እናቴ ግን፣ እንደ ነገረችን፣ እሑድ ጧት ፀሐይ እስኪወጣ ተኛች።

በመንገድ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ዐረፈች እንጂ አልደከማትም። ፏፏቴው ፊት ስንደርስ ብዙ ሰዓት ምንም አልተናገረችም። ኋላ፣ «ይኸ ሁሉ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብላ ጠየቀች። የወንድሜ ልጅ ከእኛ ቀድሞ፣ «ወደ ገባ ወንዝ፤ ከዚያ ወደ ባሮ፤ ባሮ በጋምቤላ አልፎ ነጭ ዓባይን ይገናኛል» ብሎ መለሰላት። ከአያቱ ከአባቴ የሰማው ነው። እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ በአጠገቡ ስትኖር ያልሰማችውን ነገር ከሰባት ዓመት ልጅ ሰማች። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ በእነዚያ ሁሉ እሑዶች እርሷ ያጣችው መናፈስን ብቻ እንዳልነበረ ነው። አባቴ በመንገድ ላይ ያስተማረንን ሁሉ፣ የጎሬን ታሪክ፣ የወንዙን ጉዞ፣ የዛፉን ስም፣ እርሷ ሳትሰማው ቀርታለች። እኛም እርሷ የምታውቀውን ሁሉ ምድጃው አጠገብ ትተንባት ሄደናል። ደኑን ስናልፍ ግን ስለ አንዱ ቅጠል ለምን መድኃኒት እንደሚሆን፣ ስለ ሌላው ደግሞ ለዳቦ መጠቅለያ ለምን እንደማይበጅ የነገረችን እርሷ ናት። አባቴም ይኸን አያውቅም ነበር።

ዳቦውን አባቴ ቆረሰና የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእርሷ ሰጣት። ቀመሰችውና፣ «እሳቱ ከታች በዝቶበታል፤ ሊጡም ገና አልደረሰም ነበር» አለች። ፍርዷ ልክ ነበር፤ ዳቦው አርሮ ነበር። ሁለት ቁራሽ በላች። በተከታዩ ቅዳሜ ወንፊቱን የጠየቀው አባቴ ነው። ከዱቄቱ ጥቂት የማይባለውን መሬት ላይ ደፋው እንጂ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሥልጣኔን በትላልቅ ነገር ብቻ እንድንፈልገው ለምደናል። በፋብሪካ፣ በመንገድ፣ በዩኒቨርሲቲ እንለካዋለን። እነዚህ ሁሉ ያስፈልጋሉ። በመቱም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ብዙ ወጣቶች እየተማሩበት ነው። ነገር ግን የተማረው ወጣት ቅዳሜ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ እናቱ ወይም ሚስቱ ብቻዋን ሊጥ ስታሽ አይቶ እጁን ታጥቦ ካልተጠጋ፣ ትምህርቱ በሩ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

የሚመጣው ቅዳሜ ሩቅ አይደለም። ዱቄቱን ንፉ፤ ልጆቹን ጥሩ፤ እርሾውን በጥብጡ። ምናልባት የመጀመሪያው ዳቦ ያርር ይሆናል፤ ሁለተኛው ይሻላል። እሑድ ጧት ስትወጡ ግን ደጁ ላይ ቆም ብላችሁ ቁጠሩ። ዳቦውን የያዘ አለ? ውሃውን የያዘ አለ? ልጆቹ ሁሉ አሉ? እናታቸውስ?